በውሃ የገደልናቸው ሞንስቴራዎች
(በአባላት ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ግንቦት ከቁጠባችን ገንዘብ አንሥተን 20 የሞንስቴራ ችግኝ መግዛታችንን ታስታውሳላችሁ። በየቤታችን አሳድገን ልንሸጥ ነበር። መስከረም ሲጠባ የተረፉት 9 ብቻ ናቸው። ገሚሶቻችን “ብርዱ ነው” አልን፤ ገሚሶቻችን “ዓይን በልቷቸው ነው” አልን። ነቅለን ስናያቸው ግን ሥራቸው ጠቁሮና ለስልሶ ይሸት ነበር። የገደልናቸው እኛው ነን፣ በውሃ።

ሞንስቴራ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባለው ሞቃት ጫካ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ተክል ነው። ሥሩ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። እኛ ግን ቀዳዳ በሌለው የቀለም ባልዲ ተክለን፣ ፀሐይ በጠፋበት ክረምት እንኳ በየሁለት ቀኑ አጠጣን። ታችኛው ቅጠል ቢጫ ሲሆን “ጠምቶት ነው” ብለን ጨመርንበት።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። የባልዲውን ቂጥ በጋለ ምስማር እንበሳለን። አፈሩን ከአሸዋና በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር እንቀላቅላለን። ከማጠጣታችን በፊት ጣታችንን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ እንከታለን፤ እርጥብ ከሆነ እንተወዋለን፣ ደረቅ ከሆነ ከሥር እስኪወጣ አጠጥተን የተጠራቀመውን እንደፋለን። ቦታው ብርሃን ያለበት፣ የቀትር ፀሐይ ግን በቀጥታ የማይመታው ይሁን። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከመስኮት እናርቀው። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ እንጥረግለት።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ሞንስቴራ የጎደሬ ዘመድ ነው። ጥሬ ጎደሬ አፍና ጉሮሮ እንደሚያሳክክ ከደቡብ የመጣችሁ እህቶች ታውቃላችሁ። የሞንስቴራ ቅጠልም እንደዚያው ዓይን የማያያቸው መርፌ መሰል ነገሮች አሉት። የአንዳችን የልጅ ልጅ አኝኮት ከንፈሩ አብጦ፣ ሲያለቅስ አምሽቷል። እንዲህ ሲሆን አፉን በውሃ ማጠብ፣ ቀዝቃዛ ወተት ወይም ውሃ መስጠት ነው። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ስለዚህ ሕፃን እጁ ከማይደርስበት እናስቀምጠው። ገዢ ሲመጣም ሳንነግር ብሩን አንቀበል። ሽያጭ ቢቀርብን ይሻላል፤ የሰው ልጅ አሳምመን የምናገኘው ትርፍ አይባረክም።

የተረፉት 9 ደህና ናቸው። ከእነሱ እየቆረጥን እንደገና እንተክላለን። ስትቆርጡ የግንዱ አንጓ አብሮ ይምጣ፤ ቅጠሉ ብቻውን ውሃ ውስጥ ቢከርምም አያቆጠቁጥም። ከቁጠባው ያነሣነውን ገንዘብ እንመልሰዋለን። በዚህኛው ክረምት ግን ጆጉን ከማንሣታችን በፊት ጣታችንን እናስቀድም።