ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሚመች መጸዳጃ ቤትና የመሐንዲሱ ኃላፊነት




አንድ ሠራተኛ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመጣል እንበል። ጠረጴዛው ተዘጋጅቶለታል፤ ደመወዙም ከባልደረቦቹ አያንስም። ይሁን እንጂ ከጧት እስከ ማታ ውሃ አይጠጣም። ውሃ ሳይጠማው ቀርቶ ሳይሆን የመጸዳጃ ቤቱ በር ወንበሩን ስለማያሳልፍ ነው። ይህ ልማድ ሲደጋገም ለሽንት ቧንቧ ሕመም ያጋልጣል። እንዲህ ያለው ሰው ሥራ ተሰጥቶታል ቢባልም በከፊል ተነፍጎታል።

ሕግ አውጪው ዝም አላለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ደነገገ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም መጸዳጃ ቤት በሚያስፈልግበት ሕንፃ ውስጥ በቂ ቁጥር ያላቸው ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ሆነው እንዲሠሩ አዘዘ። እንግዲህ ጉድለቱ በአብዛኛው የሚመነጨው ከንድፉና ከአያያዙ ነው።

ለመሆኑ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? በመጀመሪያ በሩ ሲከፈት ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር የጠራ ማለፊያ ይኑረው፤ አከፋፈቱም ወደ ውጭ ይሁን። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር የወንበሩን መዞሪያ ይሻማል፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅም አካሉ በሩን ስለሚይዘው ረዳት ሊደርስለት አይችልም። ሁለተኛ፣ ወንበሩ የሚዞርበት 150 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ባዶ ወለል ይተው። ሦስተኛ፣ የመቀመጫው ከፍታ ከ43 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከወንበር ወደ መቀመጫ የሚሻገር ሰው ክብደቱን በክንዱ ይሸከማልና፣ ከ84 እስከ 91 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የብረት መደገፊያ ይታሰርለት። ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ላይ እንዲያው የተያዘ ብረት ይነቀላል፤ ስለዚህ ማሰሪያው የሚያርፍበት ብሎኬት ግንቡ ሲሠራ በኮንክሪት ይሞላ። በክራንች ለሚሄደው ሠራተኛ ደግሞ እርጥብ ለስላሳ ሴራሚክ ከጠባብ በር የከፋ ነው፤ ወለሉ የማያንሸራትት ይሁን።

መሠራቱ ብቻ ግን አይበቃም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የውሃ በርሜል የሚቀመጠው ለወንበሩ መዞሪያ በተተወው ወለል ላይ ነው። መጥረጊያውና ባልዲውም እዚያው ይከማቻሉ። ቁልፉ ዘበኛው ዘንድ ሲሆን ሠራተኛው ሌላው የማይጠየቀውን ፈቃድ ለመለመን ይገደዳል።

በንድፍ ወረቀት ላይ በርን ማስፋት የአንድ መስመር ሥራ ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ ይፈርሳል፤ ቧንቧም ይዛወራል። በነባር ሕንፃዎችም ቢሆን የበሩን አከፋፈት በመለወጥና በርሜሉን በማንሳት መጀመር ይቻላል።

ስለዚህ መሐንዲሱ ንድፉን ከመፈረሙ በፊት ይህን ጥያቄ ይመልስ፦ በዚህ ሕንፃ የሚቀጠር አካል ጉዳተኛ፣ የማንንም እርዳታ ሳይለምን ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ተጠቅሞ መውጣት ይችላልን? መልሱ «አይችልም» ከሆነ ንድፉ ገና አላለቀም።