ዕዳውን የደበቀ ዋስ አያገኝም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! ባላገሩም ከተሜውም የሚያውቀው፥ ነገር ግን አፉን ከፍቶ የሚናገረው ሰው ጥቂት የሆነ አንድ ጭንቀት አለ፤ እርሱም የዕዳ ጭንቀት ነው። ዕዳ የከበደው ሰው ቀን የሰው ፊት ይፈራል፤ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፤ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ እንኳ ልቡ ከጸሎቱ ጋር አይሆንም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው ረዳት ከወዴት እንደሚያገኝ ዛሬ ጥቂት እንናገራለን።

በቀድሞ ዘመን በሀገራችን ባለዕዳና አበዳሪ በነጠላቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተሳስረው ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ነገሩ እጅግ የሚያሳፍር ቢሆንም እስራቱ ለመንገደኛ ሁሉ የሚታይ ስለ ነበረ፥ ያየ ዘመድ ወይም ወዳጅ ዋስ ሆኖ ያስፈታ ነበር። የዛሬው ቁራኛ ግን አይታይም። ሰውዬው ከፍርሃቱ ጋር ተቆራኝቶ ብቻውን ይኖራል፤ እስራቱን ያየለት የለምና ዋስ የሚሆነውም አይገኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ነው።

የዕዳ መነሻው ብዙ ነው። አንዱ ለልጁ ሠርግ ወይም ለአባቱ ተዝካር ከዐቅሙ በላይ ሲደግስ ይበደራል፤ አንዱ ልጁን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሲልክ ለደላላ የሚከፍለውን ይበደራል፤ ሌላውም በሽተኛ ሲያስታምም ይበደራል። ከዚያ በኋላ የፊተኛውን ለመክፈል ከሌላ ይበደራል፤ ዛሬማ በእጅ ስልክም ብድር ስለሚገኝ ይህ አካሄድ ይበልጥ ቀሏል። በመጨረሻም ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሚስቱ አታውቅም፤ የንስሐ አባቱም አያውቁም።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 የአንዲት መበለት ታሪክ ተጽፏል። ባልዋ ከነቢያት ልጆች ወገን ነበረ፤ እግዚአብሔርንም የሚፈራ ሰው ነበረ። ነገር ግን ዕዳ ትቶ ሞተ፤ አበዳሪውም ሁለት ልጆችዋን ባሮች አድርጎ ሊወስድ መጣ። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰውም ዕዳ ሊያገኘው እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን፤ እንግዲህ ባለዕዳን ሁሉ ኃጢአተኛ ነው ብለን አንፍረድበት።

ሴቲቱ ከሁሉ አስቀድማ ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ጮኸች። የረድኤትዋ መጀመሪያ ዘይቱ አልነበረም፤ ጩኸትዋ ነበረ። እኛም ዕዳችንን አስቀድመን ለትዳር ጓደኛችንና ለንስሐ አባታችን እንግለጥ፤ ከአበዳሪው ሳንሸሽ ፊት ለፊት ቀርበን ጊዜ እንዲሰጠን እንለምን።

ነቢዩም በቤትዋ ምን እንዳላት ጠየቃት። እርስዋም ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ተናገረች። እንዲሁ እኛ ያለንን ሳንደብቅ እንቍጠር፤ ከማን፥ ስንት፥ መቼ እንደተበደርንም በወረቀት እንጻፍ። ያልተቈጠረ ዕዳ በፍርሃት ሲታይ ከልኩ በላይ ይገዝፋልና።

ከዚያም ባዶ ማድጋ ከጎረቤቶችዋ እንድትዋስ ላካት። ልብ በሉ፤ ጎረቤቶችዋ የሰጡዋት ባዶ ዕቃ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ያለ እነርሱ ማድጋ ዘይቱ መቀበያ ባላገኘ ነበር። ሽማግሌ ሆኖ አበዳሪን መለመን፥ በዕድር ወይም በማኅበር ጥቂት ማዋጣት፥ የሰውን ምስጢር መጠበቅ፥ ይህ ሁሉ የጎረቤት ማድጋ ነው። ዘይቱም በተትረፈረፈ ጊዜ ነቢዩ ዕዳዋን አስቀድማ እንድትከፍል፥ በተረፈው ከልጆችዋ ጋር እንድትኖር አዘዛት። እንግዲህ ዕዳ ያለብን ሰዎች ድግሱን እናቆይ፤ ተዝካርም ቢሆን በጸሎትና በምጽዋት እንጂ በብድር ድግስ አይከብርም።

አበዳሪዎች የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ኦሪት የድኻውን መያዣ ልብስ ፀሐይ ሳትገባ እንድንመልስለት ታዝዛለች፤ የሚለብሰው ሌላ የለውምና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በግለሰቦች ብድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አራጣን በወንጀል ያስቀጣል። እንግዲህ በአራጣ የተያዘ ሰው ከሚያስፈራራው ሰው ፊት ብቻውን አይቁም፤ ሕግ ዐዋቂ ያማክር።

ከቤቱ ኮብልሎ ለመጥፋት ወይም ከዚህም የከፋ ነገር በራሱ ላይ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ይህን ቃል ይሰማን እንደ ሆነ እንለምነዋለን። ወንድማችን ሆይ፥ ዕዳህ በብር የሚቈጠር ነው፤ ነፍስህ ግን በብር አትተመንም። ብትጠፋ ዕዳው ከአንተ ጋር አይጠፋም። ነገ አትበል፤ ዛሬውኑ ለአንድ ለምታምነው ሰው ንገር።

እኛ ሁላችን ልንከፍለው የማንችለው የኃጢአት ዕዳ ነበረብን። መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ግን ዋስ ሆነን፤ ዕዳችንንም በመስቀል ላይ በደሙ ከፈለልን። እንዲህ ያለ ዋስ ያገኘን ሰዎች፥ ባልንጀራችን ተቆራኝቶ ስናይ ዐይተን እንዳላየን አንለፈው።

ቸሩ አምላካችን የተጨነቁትን ያሳርፍ፤ ለኛም የሚራራ ልብ ይስጠን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።