ዓይናችንን ምን ያህል እንመነው?

በወልድያ ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለምእመናን የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ስንዴና ዘይት ዕደላ ሳይሆን በየኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ስልክ ነው።

ዲፕፌክ የሚባል ነገር መጥቷል። የአንድን ሰው መልክና ድምፅ በኮምፒውተር አስመስለው፣ ከቶ ያልተናገረውን እንደ ተናገረ አድርገው ያሳያሉ። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዘለንስኪ ወታደሮቻቸውን እጅ ስጡ ሲሉ የሚያሳይ ሐሰተኛ ቪዲዮ ተሰራጭቶ ነበር። አሠራሩ ያልተጣራ ስለነበር ብዙዎች ነቁበት። ከዚያ ወዲህ ግን ሥራው ረቅቋል።

«እኛ እንለየዋለን» የሚል አይጠፋም። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 210 ሰዎችን ፈትኖ ነበር። በትክክል የለዩት ከ60 በመቶ በታች ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ማስጠንቀቂያ ቢሰጣቸውም፣ የገንዘብ ሽልማት ቢታሰብላቸውም ውጤቱ አልተሻሻለም። እኛን ያሳሰበን ግን ችሎታቸውን ከሚገባው በላይ መገመታቸው ነው። ይስሐቅም ድምፁን ተጠራጥሮ ሳለ፣ እጁን ሲዳስስ አመነ።

በአገራችን ደግሞ ለማወናበድ ይህን ያህል ጥበብ እንኳ አላስፈለገም። በ2013 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው የተባለ ድምፅ ሲሰራጭ፣ ጽሕፈት ቤታቸው ከተለያዩ ንግግሮች ተቆራርጦ የተቀጠለ ነው ሲል አስተባበለ። በጦርነቱም ወቅት የሌላ አገርና የሌላ ዘመን ፎቶግራፍ አዲስ መግለጫ እየተጻፈበት ይዞር ነበር። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ተይዛ ሳለች፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የቤተ ሰቡን ድምፅ መስማት አልቻለም። እንዲህ ያለ ሰው የመጣለትን ሁሉ ቢያምን ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ የዓይን ጥቅሻና የከንፈር እንቅስቃሴ ስንመረምር አንዋል። ማን አነሣው? የት? መቼ? በቦታው የነበረ የምናውቀው ሰው አለ? ነገ «ጃራ መጠለያ ላይ አደጋ እየመጣ ነው» የሚል ቪዲዮ ቢደርሳችሁ፣ ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት ለተፈናቃዮቹ ኮሚቴ ደውሉ። መስመር ከሌለ ሰው ላኩ። በአንድ ሐሰተኛ ወሬ እናት ሕፃን አዝላ በሌሊት መንገድ ልትወጣ ትችላለች።

ሌላም አደጋ አለ፤ ለእኛ ሥራ ይኸኛው ሳይብስ አይቀርም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ሞሐመድ አሚን በያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ኮረም ላይ ያነሣው ፊልም በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ፤ እህልም ገንዘብም መጣ። ያ ፊልም ዛሬ ቢታይ ስንቱ «ይህማ የኮምፒውተር ሥራ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር? ሐሰቱ ሲበዛ እውነተኛው ረሃብተኛም የሚያምነው ያጣል። ሁሉን መጠራጠር ብልህነት የሚመስላቸው ወገኖች ይህን ቢያስቡበት እንወዳለን።

እንግዲህ ከየፕሮጀክቱ ለደጋፊዎቻችን የሚላክ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ሁሉ የተነሣበት ቀን፣ ቀበሌው፣ ያነሣው ሠራተኛ ስምና የተነሣው ሰው ፈቃድ ይጻፍበት። ዋናው ቅጂ ከስልክ ሳይጠፋ ወደ ቢሮ ይምጣ። ቅጹን ከመውጣታችሁ በፊት ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ውሰዱ።