ድኝ በልባችን ውስጥ



ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለውን ጋዝ በስሙ የማያውቅ ቢኖር እንኳ በጠረኑ የማያውቀው የለም፤ የተበላሸ እንቁላል የሚከረፋው በእርሱ ነው። በመጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም ሰው ይገድላል። ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 100 እጅ ያህል ሲደርስ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛልና፥ ጠረኑ የጠፋ ሲመስል አደጋው ገና መባሱ ነው። ጓደኛውን ከጉድጓድ ሊያወጣ የገባ ሰው አብሮ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ገዳይ ጋዝ በገዛ ሰውነታችን ውስጥ በጥቂቱ ይሠራል ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 አቤና ኪሙራ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪዎች ጋዙ በአንጎል ውስጥ መልእክት አድራሽ ሊሆን እንደሚችል አሳዩ። በ2008 ደግሞ፥ ጋዙን የሚሠራው ሲኤስኢ የተባለ ኤንዛይም የጎደላቸው አይጦች የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ጋዙ የደም ቅዳን ጡንቻ ያላላል፤ ቧንቧው ሲሰፋ ደሙ ያለ ጭንቅ ያልፋል።

ኦክሲቶሲንን የምናውቀው በማዋለጃ ክፍል ነው። ማሕፀንን ያኮማትራል፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም ይገታል፤ የእናትን ወተት ያወርዳል። ይሁን እንጂ ልብም የዚህ ሆርሞን ተቀባይ እንዳለው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ታውቋል። በደም ሥር ፈጥኖ ሲሰጥ የደም ግፊትን በድንገት ይጥላል፤ ስለዚህ ብዙ ደም ለፈሰሳት እናት በጥንቃቄ መስጠት ያስፈልጋል።

ሁለቱን የሚያዛምዳቸው ድኝ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ቪንሰንት ዱ ቪኞ ኦክሲቶሲንን በ1953 በላቦራቶሪ ሠርቶ በ1955 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሆርሞኑ ካሉት 9 አሚኖ አሲዶች መካከል 6ቱን እንደ ቀለበት ይዘው ያሉት፥ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ሁለት የድኝ አቶሞች ናቸው። ይኸው ሊቅ በምግብ የገባ ድኝ በሰውነት ውስጥ ከአንዱ አሚኖ አሲድ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍም መርምሯል፤ ሲኤስኢ የሚሠራው በዚያው መንገድ ላይ ነው። በ2018 የታተመ የጀርመን አገር ተመራማሪዎች ጥናት እንዳመለከተው፥ ሲኤስኢ በጎደላቸው አይጦች ልብ ውስጥ የኦክሲቶሲን ተቀባይ ቀንሶ ተገኝቷል። አንዱ ሲጎድል ሌላውም ይጎድላል ማለት ነው።

ነገር ግን ጓደኞቼ፥ ከአይጥ ልብ እስከ ሕመምተኛ አልጋ ያለው መንገድ ረጅም ነው። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ከነጭ ሽንኩርት ይህንን ጋዝ እንደሚያወጣ በ2007 ታይቷል። ይህን ሰምቶ ሐኪም ያዘዘለትን የደም ግፊት ክኒን በሽንኩርት የሚለውጥ ሰው ቢኖር፥ ዝም ብለን ልናየው አይገባም። የደም ግፊት ሳያሳምም ልብንም ኩላሊትንም ይጎዳልና። የተማረ ሰው ግዴታ አዲስ ነገር ማውራት ብቻ አይደለም፤ እስከምን ድረስ እንደተረጋገጠ ጨምሮ መናገር ነው። በጉድጓድ የሚገድለውና በደም ቅዳ ውስጥ የሚረዳው አንድ ጋዝ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ነው።