ጅቡቲን ለሚጎበኙ መምህራን



ዕጩ መምህራን በየጊዜው ወደ ጅቡቲ የጥናት ጉዞ ያደርጉ ዘንድ በታሰበ ጊዜ፥ በዚያች ከተማ በካርቲየ 1 ያደግሁ ስለ ሆነ፥ ለመንገደኞቹ የሚጠቅመውን እንድናገር ታዝዣለሁ። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰማ ቀላል ይመስላል፤ ይኸውም በምን ይኬዳል፥ የት ይበላል፥ ምን ይታያል ከማለት አያልፍም። ነገር ግን መምህር እንደ ማንኛውም መንገደኛ አይጓዝም። እርሱ ያየውን በሚቀጥለው ዓመት አርባና አምሳ ሕፃናት በእርሱ ዓይን ያዩታልና፥ አስተያየቱ ከተበላሸ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ስለ መንገዱ፥ ስለ ከተማዪቱና ስለ ጎብኚው መንፈስ በየተራ እናገራለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ጊዜው። የእኛ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በክረምት ነው። ክረምት ግን ለጅቡቲ የእሳት ወራት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከምድረ በዳ የሚነሣው ኀምሲን የተባለው ነፋስም አሸዋ ይዞ ይመጣል። ተወላጁ እንኳ ጥላ ፈልጎ በሚቀመጥበት ወራት እንግዳን በየጎዳናው ማዞር ትምህርት ሳይሆን ቅጣት ይሆናል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን አየሩ ለዘብ ስለሚል፥ ጉዞው በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ቢደረግ ይሻላል።

ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቀድሞው የምድር ባቡር ሥራ ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ1916 ሳይሆን ከዚያ መቶ ዓመት ዘግይቶ በ2016 ተመርቆ፥ መደበኛ አገልግሎቱን በ2018 ጀመረ። አባቶቻችን በከተማዪቱ ውስጥ ይወርዱ ነበር፤ የዛሬው መንገደኛ ግን የሚወርደው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በናጋድ ጣቢያ ስለ ሆነ፥ ከዚያ ወደ መኻል ከተማ የሚያደርሰውን መኪና አስቀድሞ ያስብ። የመግቢያውንም ደንብ ከጅቡቲ ኤምባሲ ሳይጠይቅ አይነሣ።

ሰዓታችንና ሰዓታቸው በአቆጣጠር እንደሚለያዩ ማስታወስ ይገባል። እነርሱ ጧት 7 ሰዓት ሲሉ እኛ 1 ሰዓት የምንለው ነው። የዕረፍት ቀኖቻቸው ዓርብና ቅዳሜ ስለ ሆኑ፥ እሑድ መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ክፍት ነው። ትምህርት ቤት ለመጎብኘት የሚፈልግ መምህር ዓርብ ቀን ደርሶ በር ከተዘጋበት ጥፋቱ የበሩ አይደለም። ገንዘባቸው የጅቡቲ ፍራንክ ይባላል፤ ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ሲሆን፥ ከ1973 ወዲህ አንዱ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። በየጎዳናው ቦርሳቸውን ይዘው ተቀምጠው የሚመነዝሩ ሴቶች አሉ፤ እንግዳው የዕለቱን ዋጋ አስቀድሞ ከባንክ ይጠይቅ።

እንግዲህ ወደ ከተማዪቱ እንግባ። ጉብኝቱ በማለዳ ቢጀመር መልካም ነው። መነሻው ሰዉ እስከ ዛሬ ምኒልክ እያለ የሚጠራው አደባባይ ይሁን፤ መጠሪያው ከነጻነት በኋላ የሰኔ 27 ቀን 1977 አደባባይ ሆኗል። በዙሪያው ያሉት ነጫጭ ቤቶች በረንዳቸው በቅስት የተሠራ ስለ ሆነ፥ ጥላው ለመንገደኛ ይበቃል። ከዚያ ወደ ደቡብ ጥቂት ሲራመዱ የማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ይገኛል። ይህ ሥፍራ ቀድሞ የሚጠራው በሐረርና በታጁራ ነጋዴ በነበረው በፈረንሳዊው ባለቅኔ በሬምቦ ስም ነበር። ማሕሙድ ሐርቢ ደግሞ በ1958 በተደረገው የሕዝብ ድምፅ አገሩ ከፈረንሳይ እንድትላቀቅ የተሟገተና በ1960 በአውሮፕላን አደጋ የሞተ ሰው ነው። አንድ አደባባይ የሁለት ዘመን ታሪክ እንዴት እንደሚነግር ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ ምሳሌ አይገኝም። በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድም ከነሚናሬቱ እዚያው ይታያል።

ከዚህ ወዲያ ካርቲየዎች ይጀምራሉ። በፈረንሳዮች ዘመን ለአገሬው ሰው መኖሪያ ተብለው በቁጥር የተጠሩ ሰፈሮች ናቸው። ካርቲየ 1 መንገዱ ቀጥ ቀጥ ያለ፥ ቤቱ ከእንጨትና ከቆርቆሮ፥ ኋላም ከግንብ የተሠራ፥ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ ግቢ የሚኖርበት ሥፍራ ነው። በእኛ ግቢ ሶማሌው፥ አፋሩ፥ የመኒውና አማርኛ ተናጋሪው በአንድ የውሃ ቧንቧ ይቀዱ ነበር። በፋሲካ ከእኛ ቤት ዳቦ ይወጣል፤ በዒድ ከጎረቤት ጣፋጭ ይገባል። ወደዚህ ሰፈር የሚገባ እንግዳ ሰላምታውን «ናበድ» ብሎ ይጀምር፤ ትርጓሜው ሰላም ማለት ነው። በዕድሜ የገፋውን ሰው «አዴር»፥ ሴቲቱን «ኤዶ» ብሎ ቢጠራ፥ እኛ ጋሼና እትዬ እንደምንለው ያለ አክብሮት ነው። ይህች ጥቂት ቃል ብዙ በር ትከፍታለች።

በቀትር ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል። ወዲያው በእኛ አቆጣጠር ወደ 7 ሰዓት ገደማ ከኢትዮጵያ የተጫነው ጫት ይደርሳል፤ ከተማዪቱም ጸጥ ትላለች። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ከራሱ ጋር ብቻ ይገናኛል። ያን ሰዓት ለምሳና ለዕረፍት ያድርገው። ለምሳ የየመን ዓሣ የሚባለውን እመክራለሁ። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ ተዘርግቶ፥ በርበሬና ቅመም ተቀብቶ፥ በሸክላ ምድጃ ውስጥ ተጠብሶ ከትኩስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። ወደ ማታ፥ ነፋሱ ከባሕር ሲነሣ፥ ከተማዪቱ እንደ ገና ትነቃለች።

ትርፍ ቀን ያለው ወደ አሳል ሐይቅ ይሂድ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፥ በአፍሪካ ዝቅተኛው ሥፍራ ነው። የአፋር ሲራራ ነጋዴዎች ከዚህ ጨው በግመል ጭነው ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ያወጡ ነበር። የመልክዐ ምድር መምህር በመጽሐፍ ያስተማረውን በእግሩ የሚረግጥበት ቦታ ነው። በፎቶግራፍ በኩል ግን ጥንቃቄ ያሻል። በጅቡቲ የፈረንሳይ፥ የአሜሪካ፥ የጃፓን፥ የጣሊያንና የቻይና የጦር ሠፈሮች ስላሉ፥ ወደቡንም ሆነ ወታደራዊ ሥፍራን ያለ ፈቃድ ማንሣት መንገደኛን ከመታሰር ሊያደርስ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እደርሳለሁ። የእኛ ሰው ስለ ጅቡቲ ሲናገር «በራችን» ማለት ይወዳል። እርግጥ ነው፤ በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ በኋላ በአሰብ መጠቀም ስለ ቀረ፥ ከውጭ ንግዳችን ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል አልፏል። በሌላ ወገን ከ2011 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኀይል ከኢትዮጵያ ይሄድላቸዋል፤ ከ2017 ጀምሮም ከሶማሌ ክልል ምድር የወጣ ውሃ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ተጉዞ ይደርሳቸዋል። አንዳንዱ ጎብኚ ይህን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል። ነገር ግን እነርሱ ውሃችንን እንደሚጠጡ ሁሉ እኛም በወደባቸው የመጣውን ማዳበሪያና ነዳጅ እንጠቀማለን። ጎረቤትነት ማለት ይህ ነው፤ የሚያስመካ አይደለም። ቤትን በር ብቻ ብሎ የሚጠራ ሰው ነዋሪውን አላየም ማለት ነው። የካርቲየ ልጅ በቤቱ ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ፥ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፥ በቁርዓን ቤት ዓረብኛ፥ ከጎረቤቱም አማርኛ ይሰማል። በሁለት ቋንቋ ማስተማር ከበደን ለምንል መምህራን ይህ ሕፃን ራሱ አስተማሪ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ምክሬ ጎደሎ ይሆናል። በከተማዪቱ ጎዳና ላይ ለጉብኝት ያልመጡ ወገኖቻችን ይታያሉ። በሰው ቤት የሚያገለግሉ ሴቶች፥ ሸክም የሚሸከሙ ጎልማሶች፥ እንደዚሁም ከወሎና ከሐረርጌ በእግራቸው መጥተው በኦቦክ በኩል ወደ የመን ሊሻገሩ የሚሄዱ ወጣቶች ናቸው። በሚያዝያ 2024 ከየመን የሚመለሱ ስደተኞችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በኦቦክ አጠገብ በጎዶሪያ ባሕር በሁለት ሳምንት ልዩነት ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ተሳፋሪዎቹም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከነዚህ ወጣቶች ስንቱ ትናንት በክፍላችን ውስጥ በወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር! እነርሱን በፎቶግራፍ ማንሣት ነውር ነው። ሰላም ብሎ፥ ከየትኛው ወረዳ እንደ መጡ ጠይቆ፥ ለመናገር የፈቀደውን በትዕግሥት መስማት ግን የመምህር ተግባር ነው።

ምክንያቱም ዕጩ መምህራኖቻችን ነገ የሚመደቡት እነዚህ ወጣቶች በተነሡባቸው ወረዳዎች ነው። ደላላው በመንደሩ መጥቶ «ባሕሩ ወንዝ ያህል ነው፤ መንገዱም አጭር ነው» ሲል፥ የበረሃውን ሙቀትና የባሕሩን ስፋት በዓይኑ ያየ መምህር በጥቁር ሰሌዳው ላይ ካርታ ስሎ ሊመልስለት ይችላል። ስለዚህ ከጉዞው የሚመለስ እያንዳንዱ ዕጩ መምህር ሦስት ነገር ጽፎ እንዲያመጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው በእጁ የሳለው የመንገዱ ካርታ፥ ሁለተኛው ከሰፈሩ ሰው የተማራቸው ሃያ የሶማሊኛ ወይም የአፋርኛ ቃላት፥ ሦስተኛው ስም ሳይጠቅስ የጻፈው የአንድ ስደተኛ ወገኑ ታሪክ ነው። የሚያስወጣው ገንዘብ የደብተርና የእርሳስ ያህል ብቻ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ካገኙ የጉዞው ወጪ በከንቱ እንዳልጠፋ አምናለሁ።