አዲስ የሮክ ሙዚቃ በኢንተርኔት ራዲዮ፤ መራጩ ማን ነው?

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ሙዚቃ የመሐንዲሶች ጉባኤ መነጋገሪያ መሆኑ አንዳንዱን ሰው ያስገርመው ይሆናል። ይሁን እንጂ በሩቅ አገር የተቀዳ አንድ አዲስ የሮክ ዘፈን ከማያውቀው አድማጭ ጆሮ እንዲደርስ የሚያደርገው መንገድ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የምሕንድስና ሥራ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ከወዲሁ ይታወቅ።

ቀድሞ ነገሩ ግልጽ ነበር። ማሰራጫ አለ፤ አንቴና አለ፤ ሸክላውን የሚመርጥ አንድ ሰው አለ። በብሪታንያ ጆን ፒል ከ1967 አንሥቶ በ2004 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ በቢቢሲ ራዲዮ 1 ማንም ያላወቃቸውን ቡድኖች ሲያሰማ ኖሯል፤ በ1978 አንደርቶንስ የተባለውን የሰሜን አየርላንድ ቡድን አንድ ዘፈን እጅግ ከመውደዱ የተነሣ ሁለት ጊዜ አከታትሎ ማሰማቱ እስከ ዛሬ ይወሳል። በአሜሪካም በሲያትል ከተማ፣ በዋሺንግተን ዩኒቨርስቲ ውስጥ፣ በ1972 የተቋቋመ ኬ.ሲ.ኤም.ዩ. የሚባል አነስተኛ ጣቢያ ነበር። ከአቅራቢዎቹ መካከል ብሩስ ፓቪትና ጆናታን ፖንማን ኋላ ሰብ ፖፕ የተባለውን የሸክላ ኩባንያ መሠረቱ፤ ኩባንያውም በ1988 የኒርቫናን የመጀመሪያ ነጠላ ሸክላ በ1,000 ቅጂ ብቻ አወጣ። የኤፍ ኤም ሞገድ ከአድማስ እምብዛም አያልፍምና የጣቢያው ድምፅ ግን ከሲያትልና ከዙሪያዋ የራቀ አልነበረም።

ይህን አጥር ያፈረሰው ኢንተርኔት ነው። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርስቲ የሚገኘው የተማሪዎች ጣቢያ ደብልዩ.ኤክስ.ዋይ.ሲ. በ1994 ኅዳር ወር ሥርጭቱን በኢንተርኔት መላክ ጀመረ። ኬ.ሲ.ኤም.ዩም በ2000 ድምፁን ምንም ሳይጨምቅ፣ በሲዲ ጥራት እንዳለ ለመላክ ደፈረ፤ በተከታዩ ዓመት ስሙ ኬ.ኢ.ኤክስ.ፒ. ተባለ። የድፍረቱን መጠን ለመረዳት ስሌቱን ማየት ይበቃል፤ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ለእያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት፣ ለሁለት ጆሮ ሲባዛ 1,411,200 ቢት በሰከንድ ይሆናል። በዚያ ዘመን ተራው ሰው በስልክ መስመር የሚያገኘው ከ56 ኪሎቢት አይበልጥም ነበር።

እዚህ ላይ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ብዙ ጊዜ የማያስተውለው አንድ ልዩነት አለ። የአየር ማሰራጫ አሥር ሰው ቢያደምጠው አሥር ሺህ ቢያደምጠው የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ያው ነው። በኢንተርኔት ግን ለእያንዳንዱ አድማጭ ራሱን የቻለ የድምፅ ጅረት መላክ ያስፈልጋል፤ በ128 ኪሎቢት 1,000 ሰው ሲያደምጥ 128 ሜጋቢት በሰከንድ ይፈስሳል። ስለዚህም በአየር ራዲዮ የአድማጭ መብዛት ሀብት ሲሆን በኢንተርኔት ራዲዮ በቅድሚያ ዕዳ ሆነ።

ዕዳውን ያከበደው ሕጉ ነው። በ2002 ሰኔ ወር በአሜሪካ የተወሰነው ተመን፣ አንድ ዘፈን ለአንድ አድማጭ በኢንተርኔት በተሰማ ቁጥር 0.07 ሳንቲም እንዲከፈል ያዝዝ ነበር። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል። አንድ ጣቢያ 1,000 አድማጭ ይዞ በሰዓት 15 ዘፈን ቢያሰማ በቀን 360,000 ክፍያ ይቈጠርበታል፤ ይኸውም 252 ዶላር፣ በዓመት ወደ 92,000 ዶላር ግድም ማለት ነው። የሚያስደንቀው፣ ያንኑ ዘፈን በአየር ሞገድ የሚያሰማው የአሜሪካ ጣቢያ ለድምፃውያኑና ለሸክላ ኩባንያው ምንም አይከፍልም። በ2000 በሳን ፍራንሲስኮ በረስቲ ሆጅ የተጀመረው ሶማ ኤፍ ኤም በዚህ ተመን ምክንያት ሥርጭቱን አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለአነስተኞቹ ጣቢያዎች የተለየ ሕግ ሲወጣ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ መራጩ ሰው ሳይሆን ማሽን የሆነበት ዘመን ተከተለ። ፓንዶራ በ2005 ለሕዝብ ሲቀርብ ሙዚቀኞች ቀጥሮ እያንዳንዱን ዘፈን በብዙ መቶ ጠባዮች ያስመረምር ነበር፤ ይህ ገና የሰው ጆሮ ያለበት ሥራ ነው። በስዊድን የተመሠረተው ስፖቲፋይ ግን ከ2015 ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ለእያንዳንዱ ደንበኛ 30 ዘፈኖችን መርጦ ማቅረብ ሲጀምር በዋነኛነት የተመካው በሌላ ዘዴ ላይ ነው። አድማጮች በቁም፣ ዘፈኖች በአግድም የተደረደሩበትን ግዙፍ ሠንጠረዥ ማሰብ ነው። አብዛኛው ሣጥን ባዶ ነው፤ ማሽኑ ከሞሉት ተነሥቶ ባዶዎቹን ይገምታል። ሁለት ሰዎች ብዙ ዘፈን የሚጋሩ ከሆነ አንደኛው የወደደውን ሌላውም ይወደዋል ብሎ ይገምታል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ይሠምራል።

ችግሩ ያለው ትናንት በወጣው ዘፈን ላይ ነው። ማንም ገና ያልሰማው ዘፈን ሣጥኖቹ በሙሉ ባዶ ናቸው፤ ማሽኑ የሚገምትበት መነሻ የለውም። ድምፁን ራሱን በመመርመር ክፍተቱን በከፊል መሙላት ይቻላል፤ ሆኖም እንዲህ ያለው ምርመራ የሚያገኘው ከታወቀው ጋር የሚመሳሰለውን ነው፤ ከምንም የማይመሳሰለውን አዲስ ቡድን ግን ያሳልፈዋል። በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም ያወጣው ጃኖ ባንድ ለምሳሌ ቢወሰድ፣ ሮክን ከአገር ቅኝት ጋር ያጋባ ቡድን ነው። አድማጮቹ በብዛት የአማርኛ ዘፈን የሚሰሙ ከሆኑ ሠንጠረዡ ከእነርሱው ጋር ያስቀምጠዋል፤ የቶኪዮ ወይም የግላስጎው የሮክ አፍቃሪ ዘንድ የሚደርስበት በር በእጅጉ ይጠባል። ለዚህ ቡድን አንድ ደፋር አቅራቢ ከሚሊዮን ግምት ይሻለዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በስፖቲፋይ በአሥራ ሁለት ወር 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ከቀረጻ መብት ክፍያ ድርሻ አያገኝም።

ሰው የሚመርጥባቸው ጣቢያዎች ግን አልጠፉም። ቢቢሲ በ2002 የከፈተውን 6 ሙዚክ የተባለ የዲጂታል ጣቢያ በ2010 መጋቢት ለመዝጋት ባሰበ ጊዜ አድማጮች ብርቱ ተቃውሞ አነሡ፤ በሐምሌ የበላይ ቦርዱ ዕቅዱን ውድቅ አደረገው። ኬ.ኢ.ኤክስ.ፒ. አቅራቢዎቹ ራሳቸው እየመረጡ የሚያሰሙትን ሙዚቃ ለዓለም ሁሉ ይልካል። ሶማ ኤፍ ኤምም ያለ አንዳች ማስታወቂያ፣ በአድማጮቹ መዋጮ ብቻ፣ የተለያዩ የሙዚቃ ዓይነቶችን በየጣቢያው ያሰማል፤ ኢንዲ ፖፕ ሮክስ በተባለው ጣቢያው የሚሰማው የእያንዳንዱ ዘፈን ርእስና የቡድኑ ስም በገጹ ላይ ስለሚታይ፣ አድማጩ የወደደውን በማስታወሻው ጽፎ አልበሙን ለመፈለግ አይቸገርም።