የ«ወላጅ አምጣ» ሂሳብ

በማህበራችን የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ከሂሳብ ክፍል የምትጠብቁት የቁጠባና የብድር ሪፖርት እንደሆነ እናውቃለን። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ ቁጥሩን እየደገምን አናደክማችሁም። ዛሬ በሠንጠረዡ ውስጥ ቦታ ስላጣንለት ነገር እንነጋገር። ስለ ልጆቻችን ጠብ ነው፤ በተለይ በመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛና 8ኛ ክፍል ስላሉት።

«የተማሪ ድብድብ ከቁጠባ ማህበር ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገናኘው መዝገባችን ነው። በየሳምንቱ ስንሰበሰብ የቀረ አባል ምክንያቱ ይጻፋል፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ለቅሶ፣ ሕመም፣ ክርስትና፣ የወረዳ ጉዳይ፣ እነዚህን ለምደናቸዋል። ዘንድሮ ግን «ልጄ አስጠርቶኝ ትምህርት ቤት ነበርኩ» የሚለው ደጋግሞ መጣ። ቆየት ብሎ ነገሩ ከቀሪ መዝገቡ ወደ ብድር መዝገቡ ተሻገረ። አንዲት አባላችን ለምጣድና ለጤፍ ብላ ብድር ወሰደች። በዚያው ሰሞን ልጇ የክፍል ጓደኛውን በድንጋይ ፈነከተ። ገንዘቡ የተፈነከተው ልጅ መሰፊያና መድኃኒት ሆነ፤ የተረፈው በሽማግሌ ለተወሰነው ካሣ ሄደ። ብድሩን አንድም ወር ሳታስተጓጉል እየከፈለች ነው፤ የምትከፍለው ግን ላልተገዛ ምጣድ ነው።

እስቲ እነዚህ ልጆች እነማን እንደሆኑ እናስብ። አብዛኞቹ ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉ ናቸው። ድሮ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አንድ ላይ አንደኛ ደረጃ ይባል ነበር፤ አሁን አንደኛ ደረጃው 6ኛ ላይ ያበቃና 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ተብሏል። እዚህ አዲስ አበባ በ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና አልፈው ይመጣሉ፣ በ8ኛ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቃቸዋል። በመካከሉ አብዛኛው ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ትናንት እጁን እያወጣ ይመልስ የነበረ ልጅ ዛሬ ጥያቄው ራሱ አይገባውም፤ ወይ አንገቱን ይደፋል፣ ወይ ኋላ ወንበር ሄዶ ሰው ያስቃል። በታችኞቹ ክፍሎች አንዲት መምህርት ቀኑን ሙሉ አብራው ትውል ስለነበር ሲያኮርፍም ሲርበውም ታውቅበት ነበር። አሁን ክፍለ ጊዜው ባለቀ ቁጥር ሌላ መምህር ይገባል። ቁመቱ በአንድ ክረምት ይመዘዛል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ የዓምናው ዩኒፎርም ክንዱ ላይ ይቀራል። ሴቶቹ ላይ የወር አበባ በዚሁ መሃል ይመጣል። ቀሚሷ ስለነካ የተሳቀባት ልጅ የሳቀችባትን ፀጉር ይዛ ስትጎትት ብታገኟት፣ መነሻውን ከአፏ አትሰሙም።

ጠቡ ሲጀመር ብዙ ጊዜ ልፊያ ነው። የውሃ ቧንቧ ላይ ወረፋ፣ ተውሶ ያልተመለሰ ኮምፓስ፣ አንድ ጠረባ። እዚያው ቢበርድ ማንም አያስታውሰውም። የሚያከብደው «ስንለቀቅ እንገናኝ» የምትለዋ ቃል ናት። ከዚያ በኋላ ልጁ ቢፈራም መቅረት አይችልም፤ ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል። ከበሩ ወጥተው ጥግ ሲይዙ ሰፈር ለሰፈር ይቧደናሉ፣ ስልክ ያለው ይቀርፃል፣ ማታውኑ ቪዲዮው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የተመታው ልጅ በማግስቱ ሲመጣ ሽንፈቱን ያላየ የለም። እና ሁለተኛው ጠብ ከመጀመሪያው ይከፋል።

አንድ ነገር ግን በተለይ ለእኛ ማህበር ሊነገር ይገባል። ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብስበን ስናናግራቸው መጀመሪያ የሚሉት «ሙድ ያዘብኝ» ነው። ቆይተው፣ ሻይ ከጠጡ በኋላ፣ «በእናቴ ሰደበኝ» ይላሉ። ስድቡ ምን እንደሆነ ስንጠይቅ ዝም። በስንት ልመና የወጣው ይሄ ነው፦ «እናትህ የሰው ልብስ አጣቢ»፣ «እናትሽ ጉልት ተቀማጭ»። እህቶች፣ ይህ ስድብ የእኛ ሥራ ነው። በመዝገባችን «የሥራ ዓይነት» በሚለው ረድፍ በክብር የጻፍነው፣ ልጆቹን ራሳቸውን ደብተርና ጫማ ያደረገላቸው ሥራ። ልጁ በእኛ ተነክቶ ይደባደባል፤ እኛ ተጠርተን ስንሄድ ግን «ለምን ተደባደብክ?» ስንለው መሬት መሬት ያያል። ስድቡን በእናቱ ፊት መድገም አይሆንለትማ! አንዲት እናት ልጇ አልናገር ሲላት ንቀት መስሏት ዩኒት ሊደሩ ፊት በጥፊ ብላዋለች። ምክንያቱን የሰማችው ከወራት በኋላ ከእኛ ነው።

ቡጢውን አናሞግስም። ልጁ የተሰደበበትን ነገር የሚናገርበት ትልቅ ሰው ካላገኘ ግን በቡጢ ይናገረዋል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፤ እሱ ነው ሥራችን። ልጆች ሲደባደቡ በብዙ ትምህርት ቤት የተለመደው ውሳኔ «ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ» ነው። ማነው የሚሄደው? በማህበራችን ሁልጊዜ እናት ናት። በቀን ሥራ የምትተዳደር ከሆነች የዚያን ቀን ገቢዋ ቀረ፤ የታክሲ ደርሶ መልስ አለ፤ ልብስ የምታጥብበት ቤት ሁለተኛ ከቀረች ሌላ ሰው ያስገባል። እንጀራ የምታከፋፍል ከሆነች የቦካው ሊጥ አይጠብቃትም። ይሄ ሁሉ ወጪ የወጣው አሥር ደቂቃ ቆማ «ልጅሽን ምከሪ» ለመባልና ለመፈረም ነው። ብዙ ጊዜ የሌላኛው ልጅ እናት በሌላ ቀን ተጠርታለች፤ ሁለቱ አይተያዩም። እያንዳንዷ የልጇን ወገን ብቻ ይዛ ወደ ሰፈር ትመለሳለች፣ የልጆቹም ጠብ የጎረቤት ጠብ ይሆናል።

ይህም እናቲቱ ከተነገራት ነው። ስንቱ አይናገርም! ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ደብተሩን ይዞ፣ «ደህና ዋሉ» ብሎ ይወጣና ጌም ቤት ወይም ፑል ቤት ይውላል። በሩ ላይ የተመለሰ ልጅ የት እንደሚውል ትምህርት ቤቱ አያይም፤ እናትም ትምህርት ላይ ነው ብላለች። የባሰበት ደግሞ ወላጅ ይከራያል። ሊስትሮውን ወይም የታክሲ ረዳቱን «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርባል። ረዳቱም ሙያውን ስለሚያውቅበት «እኔ ቤት ልክ አገባዋለሁ!» ብሎ ጆሮውን ይዞ ይወጣል አሉ። ይህ የቆየ ቀልድ ነው፤ አሁንም ግን እየተሠራበት ነው።

ዱላስ? «ድሮ በአለንጋ ነው ሰው የሆነው» የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። በየቤቱም በርበሬ ማጠንና መቆንጠጥ ገና አልቀረም። ሕጉን በአጭሩ እንናገር። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል። ስለዚህ መምህሩን «ቅጣልኝ፣ ፈቅጃለሁ» ማለት በእጃችን የሌለ ነገር መፍቀድ ነው። ሌላም ማወቅ ያለብን አለ። በ1996 ዓ.ም በወጣው የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ግን በፍርድ ቤት ቀርቦ ለወጣት አጥፊዎች የተለየ እርምጃ ሊወሰንበት ይችላል፤ 15 ካለፈ በኋላ ሕጉ ይጠብቃል። «ልጅ ነው» የሚለው መከላከያ ከ8ኛ ክፍል ጋር አብሮ እያለቀ ነው ማለት ነው። አንድ ድንጋይ ሦስት ጣት ወደ ዓይን ጠጋ ብሎ ቢያርፍ የምንነጋገረው ስለ ካሣ አይሆንም ነበር።

መምህራኑን ለመክሰስ አልተነሳንም። ክፍሉ የታጨቀ ነው፣ ዩኒት ሊደሩ አንድ ነው፣ እሱም ራሱ የሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ አለው። ሄደን ያነጋገርነው ርዕሰ መምህር፣ ልጆቹን ለመጠበቅ የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም፣ ቢሮው በር ላይ ቆመው የሚጠብቁትን ተማሪዎች እያሳየን «ከእነዚህ መሃል የትኛው ልፊያ፣ የትኛው ጠብ እንደሆነ ለመለየት ጊዜ የለኝም» አለን። እውነቱን ነው። ስለዚህ የሌለውን ጊዜ እኛ እንድናዋጣ ተነጋገርን።

የተስማማነው ቀላል ነው። ጠብ ሲኖር ልጁ ከግቢ አይባረርም፤ ከክፍል ቢወጣም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የተጣለበትን ይሠራል። ለእናት በዚያኑ ዕለት ስልክ ይደወላል፤ ቀጠሮው ሥራዋን በማያስፈታት ሰዓት፣ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ወይም ማታ ከተለቀቁ በኋላ ይሆናል። ሁለቱ እናቶች አብረው ይቀመጣሉ። እናት በምንም መምጣት ካልቻለች ማህበሩ የወከላት አባል ትሄዳለች፤ ይህቺ ውክልና በጽሑፍ ስለሆነች የረዳቱን ሥራ ትዘጋለች። የተቀደደ ደብተር የቀደደው ይገለብጣል፣ የተቀደደ ሸሚዝ የቀደደው ልጅ ቤተሰብ ያሰፋል።

ሁለተኛው የበሩ ተራ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ተማሪ ሲለቀቅ ሁለት ሁለት አባላት በሩና ድልድዩ ጥግ ይቆማሉ። እዚህ ላይ መመስገን ያለባቸው ከበሩ ፊት ቆሎና ድንች የሚሸጡት አባሎቻችን ናቸው። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ዛሬ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ከዩኒት ሊደሩ በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። (ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ዘንቢል ይዘው መሮጣቸው ሌላ ቀን የምንነጋገርበት ነው።) ባለፈው ሁለት የ8ኛ ክፍል ሴቶች ልጆች ቀጠሮ ይዘው፣ ዙሪያቸውን ስልክ የያዘ ተማሪ ከቧቸው ሳሉ አንዷ ቆሎ ሻጭ ተረኞቹን ጠራቻቸው። ተረኞቹ አልጮሁም፣ አልገላገሉም። መሃል ገብተው «አንቺ የእገሊት ልጅ አይደለሽም እንዴ? አንተስ፣ እናትህ ተሻላት?» እያሉ ሰላምታ ጀመሩ። ስልኮቹ አንድ በአንድ ኪስ ገቡ። ለሁለቱ ልጆች ቆሎ ተገዛላቸው፤ አንዷ ግን እስክትለይ ድረስ አለቀሰች።

ሁሉም እንዲህ አላለቀም። ትምህርት ያቋረጡ ትልልቅ ልጆች ከውጭ መጥተው የተቀላቀሉበት ቀን ተረኞቹ ወደ ኋላ ብለው የማህበረሰብ ፖሊስ ጠርተዋል፤ ደግ አደረጉ። ማንም አባል በድንጋይ መሃል እንድትገባ አንጠይቅም። ጠቡም አልጠፋም። በቀሪ መዝገባችን ላይ ግን «ትምህርት ቤት ተጠርቼ» የሚለው ካለፈው ወር ወዲህ ቀለል ብሏል፤ ቀለል ያለበትን ልክ በቁጥር ለመናገር ገና ነው።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል። ለዚህ ሥራ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ልታዘጋጁልን እንዳሰባችሁ ሰምተናል፤ እናመሰግናለን። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ግን ለአዳራሽ፣ ለባነርና ለካናቴራ የሚወጣውን ስለምናውቅ በድፍረት እንናገር፦ በዚያ ገንዘብ ግቢው ውስጥ ተጨማሪ የውሃ ቧንቧ ቢገባ ይሻለናል። ወረፋው ላይ የሚነሳውን ጠብ ያየ ይመሰክራል። ከተረፈ ለተረኞች የስልክ ካርድ፣ ለሴቶቹ ልጆች ደግሞ የንጽሕና መጠበቂያ።

ለአባላት፦ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ህብረት ምርጫ ሲጠራ ስብሰባው በሥራ ቀን ጠዋት ስለሚሆን የሚመረጡት ጊዜ ያላቸው ብቻ ናቸው። ሁለት ዕጩ ለይተናል፤ በዚያ ቀን የሚቀርባቸውን ገቢ ከማህበራዊ ድጋፍ ሂሳባችን እንድንተካላቸው ሐሳቡን ከሰዓት በኋላ ለድምፅ እናቀርባለን። በዓመቱ መጀመሪያ ሳናነብ የምንፈርመውን የተማሪዎች የሥነ ምግባር ደንብም አባዝተን ይዘናል፤ ማንበብ የማትችሉ በምሳ ሰዓት እናነብላችኋለን።

የሚቀጥለው ወር የበር ተራ መመዝገቢያ በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሞልቷል። ሐሙስ አንድ ሰው ጎድሏል፤ ዓርብ ሁለቱም ቦታ ክፍት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የተጠራቀመው ሁሉ የሚፈታው ደግሞ ዓርብ ነው፤ ስለዚህ ቡና ከመፈላቱ በፊት ሁለት ስም እንፈልጋለን።